የ350 ብሩ ገበጣ፦ በኮሮና ጊዜ ቤታችን ከገባው ዕቃ ሁሉ የጠቀመን

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። "ያ በኮሮና ጊዜ የገዛችሁት ገበጣ እስካሁን አለ? ለልጆቼ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ። ግዢ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዝም ብዬ "ግዢ" ማለቴ ትክክል አልመሰለኝም፤ ምክንያቱም ያ ገበጣ እንደ ዕቃ ብዙ ጉድለት ነበረበት፣ ለቤታችን የሰጠው ነገር ደግሞ በ350 ብር የሚገመት አይደለም። ሁለቱንም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ። ከአንድ ወጥ እንጨት የተፈለፈለ የጨዋታ ሰሌዳ ነው። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በጠቅላላው 12 ጉድጓድ አለው። በግራና በቀኝ ጫፉ ደግሞ የተበላ ጠጠር የሚቀመጥባቸው ሁለት ሰፋ ያሉ ጉድጓዶች አሉት። ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ጉልበት ላይም ጠረጴዛ ላይም ይቀመጣል። ላዩ ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ ዳር ዳሩን ሐረግ የሚመስል ነገር ተቀርጾበታል። ከመጫወቻ ፍሬዎቹ ጋር አብሮ ነው የተሸጠልኝ።

እንዴት እንደገዛነው ለመናገር ወደ መጋቢት 2012 መመለስ አለብኝ።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለ15 ቀን ነው የተባለው። እናንተም ታስታውሱታላችሁ፣ 15ቱ ቀን ስምንት ወር ገደማ ሆነ። እኛ ያኔም አሁንም የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ትልቁ ልጄ 11 ዓመቱ ነበር፣ ትንሹ 7። እኔ ከቤት ሥሪ ተብያለሁ። ባለቤቴ ሳምንቱን እየከፋፈለ ሥራ ይገባል። እናቴ ደግሞ ለዓይኗ ቀጠሮ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር፣ ለአንድ ሳምንት ብላ። ቀጠሮው ተሰረዘ። መንገድ ላይ ማን ምን እንደያዘ በማይታወቅበት ሰዓት በዕድሜ የገፋች ሴት አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ አልሰድም አልኩ። ወዲያው ደግሞ የክልል ትራንስፖርቱም ተቋረጠ። በአንድ ቦርሳ የመጣች ሴት እስከ መስከረም ከእኛ ጋር ተቀመጠች።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ወር ከበደን። አዲስ አበባ እንደ ሌላው ዓለም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ መውጣትም መግባትም ይቻል ነበር። እኛ ግን እማዬን ስለፈራንላት በራሳችን ላይ ዘጋን። ልጆቹ ደረጃ እንኳን አይወርዱም። ከውጭ የመጣ ሰው በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ጠዋት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በሎሚ፣ ማታ ዳማከሴ። ስልክ ስትደውሉ ከጥሪው በፊት ስለ ኮሮና ማስጠንቀቂያ ነበር የምትሰሙት። ማታ ማታ የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ የሚያወጡትን የዕለቱን ቁጥር እንጠብቃለን፤ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ። ቁጥሩ ሲነገር እማዬ በእጇ አፏን ትይዛለች። ትንሹ ልጄ እሷን እያየ እሱም አፉን ይይዛል።

ጊዜ ማሳለፊያ ያልሞከርነው የለም። ቴሌቪዥን መጀመሪያ ደስ ይላል፣ በሦስተኛው ሳምንት ራስ ምታት ይሆናል። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ደግሞ የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልካል። አንድ ስልክ ለሁለት ልጅ! የዳታው ወጪም አለ። በስልክ ሉዶ አውርደንላቸው ነበር፣ በተጫወቱ ቁጥር ማን ስልኩን ይያዝ በሚል ይጣላሉ። ካርታ ነበረን፣ እማዬ ግን ካርታ ከቁማር ለይታ አታይም፣ እሷ ባለችበት ማውጣት ከበደን። ባለቤቴ በካርቶን ላይ ዳማ ሠራ። ቆርኪ ከየት እንደሰበሰበ እንጃ፣ ግማሹን በሆዱ ግማሹን በጀርባው እያደረገ ለሁለቱም ወገን አሟላው። ይሄኛው ጥሩ ነበር፣ ትልቁ ልጄ ወደደው። ግን ዳማ የሁለት ሰው ነው። ትንሹ ሁልጊዜ ይሸነፋል፣ ያለቅሳል። እናቴ ከዳር ትቀመጣለች።

የእናቴ ጉዳይ እየከበደኝ መጣ። እቤቷ ብትሆን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ከጎረቤት ቡና ትጠጣለች፣ ጓሮዋ አለ። እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፣ ታች ያለውን መንገድ ታያለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር የዋለው። ሕማማቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ሰገደች። የትንሣኤውን ሌሊት ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች፣ ቅዳሴው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እኛም አጠገቧ ቆምን። ዶሮው ሲቀርብ አልበላ አላት። "እድሜዬን ሙሉ ፋሲካን ቤት ውዬ አላውቅም" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ገበጣ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔ አይደለሁም ያመጣሁት፣ እሷ ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ሽምብራ እየለቀመች ነው። ትንሹ ልጄ አጠገቧ ተጋድሟል፣ ሰልችቶታል፣ የሽምብራ ፍሬ አንድ በአንድ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ይጥላል። እሷ አየችውና መልቀሙን አቆመች። ካርቶኑን ወሰደችና "ቢላዋ አምጪልኝ" አለችኝ። ታውቁታላችሁ፣ የእንቁላል ካርቶን 30 ጉድጓድ አለው፣ አምስት በስድስት። ሁለቱን ረድፍ ቆርጣ ለየችው። 12 ቀረ። በእያንዳንዱ አራት አራት ሽምብራ አደረገችና ልጁን "ና ተቀመጥ፣ እኔና አንተ እንጫወታለን" አለችው። "ምንድነው እማማ?" "ገበጣ ነው። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ መሬት ቆፍረን በእምቧይ የምንጫወተው።"

እኔ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት ነኝ፣ እናቴ ገበጣ እንደምትችል አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

በአራት ቀን ውስጥ ካርቶኑ ተበጣጠሰ። ያኔ ነው እውነተኛውን ልግዛ ብዬ የተነሳሁት።

ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ። ማስክ አድርጌ፣ በግማሽ ሰው በሚጭን ታክሲ፣ እጥፍ ከፍዬ ሄድኩ። ቱሪስት ጠፍቷል፣ ብዙዎቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው ነው የተቀመጡት። የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ጀበና፣ መስቀል፣ አገልግል፣ ከአንገት የሚንጠለጠል ዶቃ ሁሉ አቧራ ለብሷል። ሻጩ 600 ብር አለኝ። ተከራክሬ በ350 ተስማማን። እንጨቱ ምንድነው ስለው "ዋንዛ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው" አለኝ። የሱቁን ስም አልጠራም። በዚያ ክፉ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ገዢ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ነበር፣ ቢሆንም ያደረገው ልክ አልነበረም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ፍሬዎቹ። ጨዋታው 48 ፍሬ ይፈልጋል። በከረጢት የሰጠኝ የፕላስቲክ ዶቃ ቤት ደርሼ ስቆጥረው 45 ነው። ዶቃው ክብ ስለሆነ ይንከባለላል፣ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ሶፋ ሥር ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት 40 ቀረ።

ሁለተኛ፣ ጉድጓዶቹ ጥልቀት የላቸውም። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ገበጣ ላይ አንድ ጉድጓድ ስምንትና ዘጠኝ ፍሬ የሚያከማችበት ጊዜ አለ፣ እዚህ ላይ ግን ከስድስት ሲያልፍ ይፈሳል። የፈሰሰው ፍሬ የየትኛው ጉድጓድ ነበር በሚል ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! ለግድግዳ ጌጥ የተሠራ እንጂ ለጨዋታ የተሠራ አይመስልም። ጠራቢው ገበጣ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሠራውም ነበር፣ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ሦስተኛ፣ የጉድጓዶቹ ጠርዝ አልለሰለሰም። ቫርኒሹ ላዩን ሸፍኖታል፣ ውስጡ ግን ሻካራ ነው። በሁለተኛው ቀን ትንሹ ልጄ ጣቱ ላይ ስንጥር ገባበት። እማዬ መነጽር ሳታደርግ በመርፌ አወጣችለት፣ እሱ ይጮሃል፣ እሷ "እሺ የኔ ጌታ፣ እሺ የኔ ጌታ" ትላለች።

አራተኛውና ያበሳጨኝ፣ እንጨቱ እርጥብ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሦስተኛው ጉድጓድ ድረስ ተሰነጠቀ። ጣት ባያስገባም ጥፍር ያስገባል። ይዤው ተመለስኩ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁት ነው" አለኝ። ፀሐይ አላየም። እንጨቱ ሳይደርቅ ነው የተጠረበው። ዋንዛ መሆኑንም በኋላ ያየው አናጺ አላመነበትም።

አናጺው የኛው ብሎክ ምድር ቤት የሚሠሩ ጋሼ ናቸው፣ በዚያ ወቅት ሥራ ቀንሶባቸው ነበር። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ሞሉት፣ አሰሩት፣ አንድ ሌሊት አሳደሩት። ከዚያ በመሮ ጉድጓዶቹን እያንዳንዳቸውን አጠለቁልኝ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። ቫርኒሹን ከውስጡ ሙልጭ አድርገው አነሱትና የምግብ ዘይት ቀቡት። 100 ብር ነው የጠየቁኝ፣ 150 ሰጠኋቸው። ገበጣው እውነተኛ ገበጣ የሆነው ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬ ስንጥቁ አልተከፈተም። ስለዚህ ዋጋውን ስታስቡ የኔ ገበጣ 350 ሳይሆን 500 ብር ነው የፈጀው።

ስለ ፍሬ ደግሞ ያየነውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሞክረናል። ሽምብራ ቀላል ነው፣ ይዘላል፣ ልጆች ደግሞ ቆልተው ይበሉታል። ጠጠር ድምፁ ደስ ይላል፣ ለቅልልቦሽም ይሆናል፣ ግን እንጨቱን ይጭራል። ጥሬ ባቄላ ከሁሉም በለጠ። ጠፍጣፋ ስለሆነ አይንከባለልም፣ እጅ ይሞላል፣ ሲወድቅ ጠብ ይላል እንጂ አይንጫጫም። ቢጠፋ ኩሽና ገብታችሁ ትተካላችሁ። ዓመት ሙሉ ስታገላብጡት በእጅ ላብ እየወዛ ይጠቁራል፣ ያኔ ይበልጥ ያምራል። አደራ ግን፣ ሕፃን ያለበት ቤት ተጠንቀቁ። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የሚገባ ልክ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው። በእማዬ ሕግ እያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ፍሬ ይዞ ይጀምራል። ከራስሽ ወገን አንዱን ጉድጓድ ሙሉውን ታነሺያለሽ፣ አንድ አንድ እየጣልሽ ትዞሪያለሽ። የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ከገባች ያንን አንስተሽ ትቀጥያለሽ። ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያልፋል። ከባላጋራሽ ወገን ሦስት ያለበት ገብታ አራት ካደረገችው አራቱንም ትበያለሽ። በቃ። ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ በደንብ ለመቻል ግን እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ እናቴን ደግሞ እስካሁን በእጅ ጣት ከሚቆጠር በላይ አላሸነፍኳትም።

እጇን ብታዩ! እንዝርት የለመደ እጅ ነው። ፍሬዎቹን አታነሳቸውም፣ በአራት ጣቷ ጠረግ ታደርጋቸዋለች፣ መዳፏ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በአውራ ጣቷ አንድ አንድ እየገፋች ታወርዳቸዋለች፣ ዓይኗ እጇን አያይም፣ አንቺን ነው የሚያየው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የመጨረሻዋን ከመጣሏ በፊት ትንሽ ትቆያለች። ልጆቹ ያቺን ቆይታ ፈርተዋት ነበር፣ ምክንያቱም ከእሷ ቀጥሎ አራቱ ይበላል። ዓይኔ ደክሟል ብላ ለሐኪም የመጣች ሴት ከማዶ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ ሳትቆጥር ታውቃለች።

ትንሹ ልጄ ሒሳብ የለመደው እዚህ ነው። የቴሌግራሙን የቤት ሥራ በጩኸት ነበር የሚሠራው፣ ገበጣ ላይ ግን ማንም ሳያስገድደው "ይሄን ሰባቱን ባነሳ የመጨረሻዋ የት ትወድቃለች?" እያለ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። መጀመሪያ ይቸኩል ነበር። "ቁጠር እንጂ አትቸኩል፣ ባቄላው አይሮጥም" ትለዋለች። ከሰኔ ወዲህ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥር ጀመር። ዳማ ላይ ሲሸነፍ የሚያለቅሰው ልጅ ገበጣ ላይ አያለቅስም ነበር። ለምን እንደሆነ ቆይቼ ነው የገባኝ። አንድ ዙር ሳያልቅ ዕድል ይገለበጣል፣ ባዶ የሆነ ሰው ተመልሶ ይሞላል። ሰባት ዓመት ልጅና አያቱ እኩል የሚሆኑበት ጨዋታ ብዙ የለም።

ትልቁ ልጄ ላይ ግን ያን ያህል አልሠራም፣ ይህንንም መናገር አለብኝ። ለአንድ ወር ተኩል ያህል በጣም ወደደው፣ ከዚያ ወደ ዳማውና ወደ ስልኩ ተመለሰ። 11 ዓመት የሞላው ልጅ ከጓደኞቹ ተለይቶ ቤት ሲዘጋበት ገበጣ ጓደኛ አይተካለትም። ገበጣ ከገዛሁ ልጆቼ ስልክ ይተዋሉ ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት እኔ ቃል አልገባላችሁም።

ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ እትዬ አሉ፣ በር ከፍተው ከደጃፋቸው ሆነው ነበር እኛን የሚያዩን። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል፣ እኛም ቤት ለቤት አንገባም። አንድ ቀን "እንዲህ አይደለም ገበጣ!" አሉ ከወንበራቸው ሆነው። እሳቸው ልጅ ሆነው የተጫወቱት ባለ ሦስት ረድፍ ነው፣ 18 ጉድጓድ፣ ሦስት ሦስት ፍሬ። አበላሉም ሌላ ነው። እማዬ ደግሞ "የእኛ ነው ትክክሉ" ትላለች። መተላለፊያውን መሐል አድርገው ሁለት ቀን ተከራከሩ። ያን ክርክር ስሰማ ደስታዬ ለጉድ ነበር፣ እናቴ ከመጣች ጀምሮ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ነገሩ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ገበጣ በየአገሩ ሕጉ ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው የጻፉት ሰፊ ጥናት አለ፣ አንዱ ከሌላው የሚለይ ስንት ዓይነት እንዳለ እዚያ ታያላችሁ። ስለዚህ ከገበጣው ጋር የሕግ ወረቀት አልመጣም ብላችሁ ሱቁን አትውቀሱ። ቤታችሁ ያሉ ትልቅ ሰው ጠይቁ። ከሌሉ ለሚያውቁ ደውሉ። ያ ስልክ ራሱ ጥሩ ስልክ ይሆናል።

ሰኔ 22 ማታ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ። ከተማው ተጨንቆ ነበር፣ እኛም ሐዘንና ፍርሃት ተደራርቦብን ቤት ተቀመጥን። ቴሌግራም የለ፣ የቤት ሥራ የለ፣ የስልክ ጨዋታ የለ። ክረምቱ ገብቷል፣ መብራት ይሄዳል። በእነዚያ ሳምንታት ሻማ አብርተን፣ ገበጣውን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አድርገን አራታችን እንከበዋለን። ሁለት ይጫወታል፣ ሁለት ይቆጥራል። ባለቤቴ ራዲዮውን ዝቅ አድርጎ ጆሮው ላይ ይይዛል። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድና ባቄላው ጉድጓድ ሲገባ ነው የሚሰማው። ትንሹ ልጄ ያን ጊዜ "መብራት ባይመጣም ችግር የለውም" ያለውን አልረሳውም። ዳታ አይበላ፣ ቻርጅ አይፈልግ፣ ካርድ አያስሞላ፤ ለእኛ አገር የተሠራ ዕቃ ነው።

እማዬ ሕንጻውን ለቃ የሄደችው መስከረም ላይ ነው፣ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ። ቦርሳዋን ሳዘጋጅላት የተበጣጠሰውን የእንቁላል ካርቶን ልብሷ መሐል አገኘሁት። "ተይው፣ እዚያው ለጎረቤት ልጆች አሳይበታለሁ" አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ለእሷ ሌላ ገዛሁላት። አሁን ዋጋው ሌላ ነው፣ 1,400 ብር ከፍያለሁ። በዚህኛው ጊዜ ከባህል ዕቃ ሱቅ አልገዛሁም፣ እንጨት የሚጠርብ ሰው ጋር ሄጄ አዘዝኩ። የደረቀ ዋንዛ፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ቫርኒሽ የሌለው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ከባድ ነው፣ አይንሸራተትም፣ ጠርዙ እንደ ሳሙና ልስልስ ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅም ለእናንተም፦ ለዚያ ከሱቅ ለገዛሁት ሰሌዳ ከ10 አምስት ነው የምሰጠው፣ ለጨዋታው ግን 10 ከ10። ከቻላችሁ አሠሩ። ከሱቅ ከሆነ የምትገዙት ጥቂት ነገር ተመልከቱ። በእጃችሁ መዝኑት፣ በጣም ከከበደና ሲነኩት ከቀዘቀዘ አልደረቀም ማለት ሊሆን ይችላል። ጣታችሁን በየጉድጓዱ ውስጥ አዙሩት፣ ከቆረቆራችሁ ለልጅ አይሆንም። ከቤት አንድ እፍኝ ባቄላ ይዛችሁ ሂዱና አሥሩን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩ፣ ከፈሰሰ ተዉት። ሻጩ ቢያኮርፍም ይህን ሳታደርጉ ገንዘብ አታውጡ። ውስጡ ቫርኒሽ ካለው በብርጭቆ ወረቀት አንሱትና ዘይት ቀቡት።

ጥምቀት ላይ ደብረ ብርሃን ሄደን ነበር። ትንሹ፣ አሁን ትንሽ አይባልም፣ ቁመቱ እኔን አልፏል፣ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ "እማማ ገበጣው የት አለ?" አላት። አልጋዋ ሥር ነው የምታስቀምጠው፣ በነጠላ ጠቅልላ። ሦስት ዙር ተጫወቱ፣ ሁለቱን እሱ በላ። እሷ ባቄላውን መልሳ አራት አራት እያደረገች "ቡናው እስኪፈላ አንድ ጊዜ እንድገም" አለችው።